በየ3 ወሩ እየፈረምኩ 3 ዓመት ሠራሁ፤ አሁን «ውልሽ አልቋል» ተባልኩ

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 8፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ገራዶ አካባቢ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነበር፣ ማሸጊያ ክፍል። ከጦርነቱ በኋላ ድርጅቶች ቀስ በቀስ ሲከፈቱ ነው የገባሁት። ያን ጊዜ ማንም ሰው «ምን ዓይነት ውል ነው?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ሥራ መገኘቱ ራሱ ብርቅ ነበር።

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰርቪስ ይመጣል። የሀረጎን ቁልቁለት በጭጋግ እንወርዳለን። የአውቶቡሱ በር አይገጥምም፤ በር አጠገብ የደረሳት ልጅ ነጠላዋን ቀዳዳው ውስጥ ወትፋ ነው የምትሄደው። 1 ሰዓት ላይ ማሽኑ ፊት እቆማለሁ። ክፍያው በቀን 120 ብር ነው።

በየ3 ወሩ ሱፐርቫይዘሩ የወረቀት ክምር ይዞ ወደ ክበብ ይመጣል። ስም ይጠራል። ወረቀቱን በመዳፉ ይሸፍነዋል፤ የሚታየው የፊርማው መስመር ብቻ ነው። «እዚህ ጋ» ይላል። ትፈርሚያለሽ። ኮፒ አይሰጥም። ከዚያ «ሁለት ቀን ቤት ቁጭ በሉ» እንባላለን፤ በሦስተኛው ቀን እዚያው ማሽን ላይ እንመለሳለን። እንዲህ 12 ጊዜ ፈርሜያለሁ።

መስከረም 30 ስሜ ሳይጠራ ቀረ። «ያንቺ ውል አልቋል፣ አይታደስም» አሉኝ። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለ እሁድ ክፍያ ጠይቄ ነበር። በእሱ ይሁን በሌላ አላውቅም። በማግስቱ እኔ ቦታ ላይ አዲስ ልጅ ቆማለች፣ ጓደኞቼ ነገሩኝ።

እስካሁን ደጅ እየጠናሁ ነው። «ሰኞ ነይ»፣ «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ጥያቄዬ አንድ ነው። በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ፤ ታዲያ የምጠይቀው መብት አለኝ?

አወያይ | ታህሳስ 8፣ ማታ 2፡55

እንኳን ደህና መጣሽ። ለሁላችሁም፦ የድርጅት ስም፣ የአለቃ ስም፣ ስልክ ቁጥር አይጻፍ። የተጻፈ ካለ አጠፋለሁ።

ዝም ባዩ | ታህሳስ 8፣ ማታ 3፡02

እህቴ ልብሽን አታድክሚ። ፈርመሻል፣ አልቋል። ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ያመላልሱሻል። ሌላ ሥራ ፈልጊ።

ባለ ፋይል | ታህሳስ 8፣ ማታ 3፡20

ዝም ባዩ፣ ለምን በሌላ ሰው እንጀራ ላይ እንዲህ በቀላሉ ትፈርዳለህ?

የጦሳ ልጅ፣ የምሠራው ጠበቃ ቢሮ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ፋይል አያያዥ ነኝ፤ የሥራ ክርክር ፋይል ግን በየቀኑ በእጄ ያልፋል።

መጀመሪያ ቀኑን እንይ። የተሰናበትሽው መስከረም 30 ነው። ዛሬ ታህሳስ 8 ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው በ3 ወር ውስጥ ነው። ያ ማለት እስከ ታህሳስ 30። የቀረሽ 22 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያግደዋል። የገንዘብ ጥያቄ 6 ወር አለው። ሰዎቹ «ሰኞ ነይ» ሲሉሽ ምናልባት ክፋት የላቸውም ይሆናል፤ ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ከዚህ ላይ ሰባት ቀን ይቀነሳል። እኔ ፋይል ላይ የማየው ትልቁ ሽንፈት ይኼ ነው። ሰው ሕጉ ላይ አይሸነፍም፣ ቀን ላይ ይሸነፋል። በ4ኛው ወር ይመጣሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅሮ፣ እኛም «ዘገየህ» እንላለን።

ሁለተኛ፣ የፊርማው ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጥረው። መነሻው ቋሚነት ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ የታመመን ሠራተኛ መተካት፣ ድንገት ሥራ ሲበዛ፣ አደጋ ለመከላከል የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ፣ የወቅት ሥራ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ማሸጊያ ማሽን ላይ 3 ዓመት መቆም ከየትኛው ይገባል? ወረቀቱ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ስላለ ሥራው ጊዜያዊ አይሆንም።

እነሱ የሚያነሱት አንቀጽ 24ን ነው፤ የተወሰነ ጊዜ ውል ጊዜው ሲያልቅ ይቋረጣል የሚለውን። እሱ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ውሉ የእውነት የተወሰነ ጊዜ ውል መሆን አለበት።

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 8፣ ማታ 3፡31

22 ቀን?! ይህን ማንም አልነገረኝም። ወላሂ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሀረጎ ሾፌር | ታህሳስ 8፣ ማታ 3፡40

አብሽሪ እህቴ። 22 ቀን ትንሽ አይደለም፣ ከተነሳሽበት።

ብሎኬት ነጋዴ | ታህሳስ 8፣ ማታ 4፡10

ሌላውንም ወገን ስሙ እንጂ። እኔ ኮምቦልቻ ብሎኬት አመርታለሁ፣ 14 ሰው አለኝ። ሲሚንቶ ሲጠፋ ሁለት ወር እዘጋለሁ። መብራት ሲጠፋ እዘጋለሁ። በ2014 ማሽኔን አጥቻለሁ፣ እንደገና ከዜሮ ነው የጀመርኩት። ሁሉንም ቋሚ አድርግ ካላችሁኝ ሰው መቅጠሬን ነው የማቆመው። በትልቁ እንኳ ተመልከቱት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ተመርቆ ስንት ተስፋ ተደረገበት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ዝርፊያው መጣ፣ ከታህሳስ 2014 ጀምሮ ደግሞ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ፣ ወጣን። አሠሪው ትዕዛዝ ሳይኖረው ምን ያድርግ? ሠራተኛ ብቻ አይደለም የሚጨነቀው።

ባለ ፋይል | ታህሳስ 8፣ ማታ 4፡25

ጋሼ፣ ያሉት ችግር የእውነት ችግር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሕጉ ሥራ ሲቀንስ አታሰናብት አይልም። የሥራ መቀዛቀዝ ሕጋዊ የማሰናበቻ ምክንያት ነው። የሚለው ማስጠንቀቂያ ስጥ፣ የስንብት ክፍያ ክፈል ነው። በየ3 ወሩ ማስፈረም የሚያስቀረው ይህን ክፍያ ነው። ደግሞ የእሷ ጉዳይ ሥራ የቀነሰ አይደለም። በማግስቱ ሰው ቆሞበታል።

ብሎኬት ነጋዴ | ታህሳስ 8፣ ማታ 4፡33

የእሷ ሌላ ነው። እሱን አልደገፍኩም። በማግስቱ ሌላ ሰው ካቆሙ ነውር ነው።

የድሮ ማህበርተኛ | ታህሳስ 9፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ሌሊቱን ሳነበው አደርኩ። ጡረተኛ ነኝ። በጨርቃጨርቅ ሥራ አርጅቻለሁ፣ የሠራተኛ ማህበር ጸሐፊም ነበርኩ። ያኔ ደብዳቤ በካርቦን ወረቀት ነበር የምናባዛው፤ አንዱ ለአስተዳደር፣ አንዱ ለማህበር፣ አንዱ ለሠራተኛው። ሦስተኛው ኮፒ ደብዝዞ አይነበብም፣ ግን ሠራተኛው አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። አሁን ስልክ ሁሉ ካሜራ ያለው ሆኖ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ይገርመኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደመወዝሽ በእጅ ነው ወይስ በባንክ? ደግሞ ጡረታ ይቆረጥብሽ ነበር?

ሌላው፣ ስለ እሁድ ክፍያ በመጠየቅሽ ከሆነ ያሰናበቱሽ፣ ቅሬታ ማቅረብ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ያስቀምጣል፤ አንቀጽ 26ን አንብቢ። ማህበር አባል መሆንም፣ ማርገዝም፣ ሃይማኖትም እንደዚያው። ግን እሱን ማስረዳት ከባድ ነው። ቀላሉን መንገድ ያዢ፣ ሥራው ቋሚ ነው በሚለው ሂጂ።

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 9፣ ጠዋት 1፡50

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በባንክ ነው። የመጨረሻውን የክፍያ ወረቀት አሁን ከመሳቢያ አወጣሁት። ከ3,120 ብር ላይ 218 ብር ከ40 ሳንቲም ተቆርጧል፣ ከጎኑ «ጡ» ይላል። ለ3 ዓመት «ጡ» ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሰዎቹ «የመንግሥት ነው» ብለውኝ ነበር።

ቁጥር ወዳድ | ታህሳስ 9፣ ጠዋት 2፡05

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ እዚች ላይ ዝም አልልም። 218.40 የ3,120 ብር 7 ከመቶ ነው። ጡረታ ነው። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 ከመቶ መጨመር አለበት፣ 343 ብር ከ20 ሳንቲም። ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለውን የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ቢሮ ሄደሽ በስምሽ አሳዪ። ከተቆረጠና ካልገባ ሌላ ጉዳይ ነው።

እስቲ ሂሳብሽን ልሥራልሽ። በቀን 120 ብር በ8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 15 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን፣ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 22 ብር ከ50። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፤ 26 ብር ከ25። የሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ 30 ብር። የሕዝብ በዓል በ2.5፣ 37 ብር ከ50። እሁድ ስንት ይከፍሉሽ ነበር?

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 9፣ ጠዋት 2፡11

እንደ ማንኛውም ቀን 120። በወር ሁለት እሁድ እንገባ ነበር።

ቁጥር ወዳድ | ታህሳስ 9፣ ጠዋት 2፡30

240 መሆን ነበረበት። በየእሁዱ 120 ብር ቀርቶብሻል። በ3 ዓመት 72 እሁድ፣ 8,640 ብር። መጥፎው ዜና የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። አሁን የምትጠይቂው ከሰኔ ወዲህ ያለውን ነው፣ 8 እሁድ፣ 960 ብር። የቀረውን 7,680 ብር ይርጋው በልቶታል። ይህን ስጽፍ እኔም ተናደድኩ።

ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለስሽ ደግሞ እንዲህ ነው። ካሳ የ180 ቀን ደመወዝ፣ 21,600። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ከ1 ዓመት በላይ ስለሠራሽ 2 ወር፣ 6,240። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የሱ ሲሶ፣ ማለትም 10 ቀን፤ 30 እና 10 እና 10፣ 50 ቀን፣ 6,000 ብር። ድምር 33,840። እሁዱን ስትጨምሪ 34,800።

ባለ ፋይል | ታህሳስ 9፣ ጠዋት 2፡48

ሂሳቡ ጥሩ ነው፤ አንድ ማስተካከያ። ወርሃዊውን ለ26 የሥራ ቀን ሳይሆን ለ30 አካፍለው ቀኑን 104 ብር የሚያደርጉት አሉ። ያኔ ካሳው 18,720 ይወርዳል። እሷ ግን የቀን ተከፋይ ስለሆነች 120 ብላ ትጠይቅ። ሌላኛው ወገን ይከራከር።

ቁጥር ወዳድ | ታህሳስ 9፣ ጠዋት 2፡52

ለ30 የሚያካፍል የሂሳብ ሰው ካለ እሁድን ስንት ሰዓት ሲሠራበት እንዳየ ይንገረኝ።

ማኪያቶ | ታህሳስ 9፣ ቀን 7፡20

ይቅርታ፣ ክሩን እንዳላበላሽ። እኔ ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። እኔ እንኳን 12 ውል፣ አንድም የለኝም። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። 8 ወር ሆነኝ። «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ይሉኛል። ብርጭቆ ሲሰበር ደግሞ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ማን እንደሰበረው ባይታወቅም ለሁላችን ይካፈላል። እንደኔ ያለው ሰው በሕጉ ውስጥ አለ?

ባለ ፋይል | ታህሳስ 9፣ ቀን 7፡45

አለሽ እንጂ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታሽን የሚገልጽ ፈርሞበት መስጠት አለበት። ባይሰጥሽ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ አንቺ መብትሽን አታጪም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በአፍ ሙከራ የለም። 8 ወር ሙሉ የሚሞከር ምን ዓይነት ማኪያቶ ነው?

የብርጭቆው ነገር፣ ከደመወዝ ላይ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ አንቺ በጽሑፍ ሳትስማሚ መቁረጥ አይቻልም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዝሽ ሲሶ አይበልጥም።

የድሮ ማህበርተኛ | ታህሳስ 9፣ ቀን 8፡10

በድሮው አዋጅ በ377/1996 ሙከራው 45 ቀን ነበር። አሁን 60 የሥራ ቀን ሆኗል፣ ይኼ ለአሠሪው ነው የተጨመረው። የዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን አድጓል፣ የወሊድ ፈቃዱም 120 ቀን ሆኗል፣ ይኼ ደግሞ ለሠራተኛው። ሰጥቶ መቀበል ነው። አንድ ያልተሠራ ነገር ግን አለ፤ አነስተኛው የደመወዝ ወለል። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋም ይላል፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወለሉ ግን እስካሁን አልተቀመጠም። 120 ብር በቀን ሕገወጥ ነው ማለት የማንችለው ለዚህ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝታ ምን እንደሚተርፋት እናንተው ገምቱ።

ሀረጎ ሾፌር | ታህሳስ 9፣ ማታ 1፡30

እናቴ ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። እሷንስ ይህ አዋጅ ያያታል?

ባለ ፋይል | ታህሳስ 9፣ ማታ 1፡41

አያያትም። የቤት ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ነው የሚለው። ስለዚህ ወንድሜ፣ እሷን የሚያይ እናትህና አንተ ናችሁ። ክር አትክፈትብኝ፣ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 14፣ ማታ 2፡15

ተመለስኩ። እንደነገራችሁኝ አደረግኩ።

መጀመሪያ ባንክ ሄድኩ፣ የ3 ዓመት ስቴትመንት ጠየቅኩ። ልጁ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። «ፍርድ ቤት» ስለው ፈገግ ብሎ በደንብ አትሞ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም መትቶ ሰጠኝ። 36 መስመር። በየወሩ ከድርጅቱ የገባ ደመወዝ፣ አንድም ወር አልተዘለለም። ያ «ሁለት ቀን ቤት ቁጭ በሉ» የትም የለም። ወረቀቱ ላይ ሲታይ አንድ ሰው 3 ዓመት ሳይቋረጥ ሠርቷል።

ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ሠራተኛና ማህበራዊ ጉዳይ ሄድኩ (አሁን ስሙ ሥራና ሥልጠና ሆኗል፣ ባጃጁ ግን የሚያውቀው የድሮውን ነው)። ማመልከቻ አስገባሁ። ጋሼ እንዳሉት ኮፒው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተምና ቀን አስመታሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ «ይኼን ማን መከረሽ?» አለችኝ።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ዘጠነኛውን ውል በስልኳ አንስታው ነበር፣ እሷ ስትፈርም ከስር የእኔ ነበር። ፎቶው ጠማማ ነው፣ ግን ስሜ፣ ቀኑና ማህተሙ ይነበባል።

ባለ ፋይል | ታህሳስ 14፣ ማታ 2፡30

ማሻአላህ! ጉዳዩን እንዲያስፈጽም ሥልጣን ለተሰጠው መሥሪያ ቤት ማመልከት የይርጋውን ጊዜ ያቋርጣል፤ ለዚህ ነው ማህተሙ የሚያስፈልገው። ቢሆንም በእሱ ተማምነሽ ታህሳስ 30ን አታሳልፊ። የሚያስማሙ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ከገና በፊት ፍርድ ቤት ክፈቺ።

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 22፣ ማታ 1፡05

ዛሬ አስማሚው ዘንድ ተገናኘን። የመጣው የሰው ኃይሉ ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። «እህታችን ናት፣ ትመለስ» አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። እንደ አዲስ ነው የምገባው፣ 60 ቀን ሙከራ፣ የ3 ወር ውል። ከስር ደግሞ «ካሁን በፊት ለነበረው አገልግሎት ምንም ዓይነት ክፍያ አልጠይቅም» ይላል። በዚህ ጊዜ በመዳፉ አልሸፈነውም፤ እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ ሁለቴ ያነበብኩት።

እናቴ «ፈርሚ፣ ልጄ፣ ባዶ ከመቅረት» ትላለች። ምን ትሉኛላችሁ?

ዝም ባዩ | ታህሳስ 22፣ ማታ 1፡12

ፈርሚ። እናትሽ ልክ ናቸው።

ባለ ፋይል | ታህሳስ 22፣ ማታ 1፡20

ለዚያው ሥራ፣ በዚያው አሠሪ እንደገና የተቀጠረ ሰው ለሙከራ አይዳረግም። አዋጁ ላይ ነው። ሙከራ ላይ ከገባሽ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ሊያስወጡሽ ይችላሉ። በ60 ቀን ውስጥ የሚሆነውን አስቢው። ግን እንጀራውም ያንቺ ነው፣ የቤት ኪራዩም ያንቺ ነው። እኔ ከቢሮዬ ሆኜ አትፈርሚ ማለት ይቀለኛል።

ብሎኬት ነጋዴ | ታህሳስ 22፣ ማታ 1፡44

እንደ አሠሪ ልንገርሽ። የእውነት ሊመልስሽ የፈለገ ሰው ያቺን የመጨረሻ መስመር አይጽፋትም።

የድሮ ማህበርተኛ | ታህሳስ 22፣ ማታ 2፡00

ልጄ፣ እናትሽን አክብሪ፤ ረሃብ የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚያስበው። ግን ሌላ ነገር ልንገርሽ። እዚያ ክፍል ስንት ናችሁ? 10 ሠራተኛ ካለ ማህበር ማቋቋም ይቻላል፣ ውላቸው የኮንትራት ቢሆንም ሠራተኛ ናቸው። አንቺ ብቻሽን ነው አሁን የቆምሽው። ጉዳቱ እሱ ነው።

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 22፣ ማታ 2፡18

41 ነን። ሁሉም ይፈራል፣ ጋሼ። እኔም እፈራ ነበር፣ አሁን የማጣው ስለሌለኝ ነው እንጂ።

የጦሳ ልጅ | ታህሳስ 25፣ ቀን 9፡30

አልፈረምኩም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊ ክሱን ጻፉልኝ፤ የቁጥር ወዳድን ሂሳብ ከስልኬ እያየሁ አነበብኩላቸው። «ይህን ሂሳብ ማን ሠራልሽ? ጎበዝ ነው» አሉ። ዋናው ጥያቄ ወደ ሥራ መመለስና ውዝፍ ደመወዝ፣ አማራጩ ካሳው። የዳኝነት ልክፈል ስል መዝገብ ቤቱ «የሠራተኛ ክስ አይከፈልበትም» አለኝ። ቀጠሮ ጥር 22 ሰጡኝ።

ቁጥር ወዳድ | ታህሳስ 25፣ ቀን 9፡41

ራፖር ጸሐፊው ሂሳቤን አደነቀ? ይህን አትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ሀረጎ ሾፌር | ጥር 23፣ ጠዋት 12፡30

የጦሳ ልጅ፣ ትናንት እንዴት ሆነ? ሌሊቱን ስልኬን ስከፍት ስዘጋ አደርኩ፣ የዘመዴ ጉዳይ መስሎኝ።

የጦሳ ልጅ | ጥር 23፣ ማታ 2፡00

ይቅርታ፣ ደክሞኝ ተኛሁ።

መልሳቸው አንድ ገጽ ተኩል ነው። ውሉ በጊዜው አብቅቷል፣ አንቀጽ 24። ሥራው ደግሞ የወቅት ትዕዛዝ ስለሆነ ቋሚ አይደለም ይላል። ጠበቃቸው ሲናገር ረጋ ያለ ነው፣ እኔ ግማሹ አልገባኝም። ዳኛዋ ስቴትመንቱን ገጽ በገጽ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ጠበቃውን ጠየቁት።

«ማሽኑ አሁን ቆሟል?»

«አልቆመም፣ ክብርት ዳኛ።»

«ማን ነው ያለበት?»

ጠበቃው ወደ ሰው ኃይሉ ዞረ። ሰው ኃይሉ ወረቀት አገላበጠ። «ጊዜያዊ ሠራተኛ» አለ። ዳኛዋ ምንም አላሉም፣ ጻፉት ብቻ።

12ቱም ውሎች ይቅረቡ ብለው አዘዙ፣ የመገኛ ፊርማ መዝገቡም ጭምር። ቀጠሮ የካቲት 18። የሆነ ነገር የተፈረደልኝ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ገና ነው። ደግሞ ጡረታ ቢሮ ስጠይቅ ስሜ አለ፣ ግን የገባሁበት ቀን ተብሎ የተጻፈው ያለፈው ዓመት ነው። የሁለት ዓመቱ 7 ከመቶ የት እንደገባ የሚያስረዳኝ አጣሁ።

ቁጥር ወዳድ | ጥር 23፣ ማታ 2፡09

የ24 ወር 218.40፣ 5,241 ብር ከ60። ከአሠሪው የሚጠበቀው 11 ከመቶ 8,236 ብር ከ80። ሁለቱንም አስመዝግቢ፣ በተለየ ማመልከቻ።

ዝም ባዩ | ጥር 23፣ ማታ 2፡40

ያኔ «ፈርሚ» ያልኩት እኔ ነኝ። እኔም በ2012 እንደዚህ ወጥቼ ዝም ብያለሁ። በቃ፣ ለዚያ ነው።

ማኪያቶ | የካቲት 3፣ ማታ 3፡15

እኔ ወረቀት ጠየቅኩ። ባለቤቷ ሳቀች። በሳምንቱ ግን አንድ ገጽ ሰጠችኝ፣ ደመወዝ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እስኪሞላ አልፈርምም ብያለሁ። ብርጭቆ አሁንም ይቆረጣል።

የጦሳ ልጅ | የካቲት 17፣ ማታ 1፡20

ነገ ነው ቀጠሮው። 2 ሰዓት ተኩል መድረስ አለብኝ። ጓደኞቼ ሁለቱ ሊመሰክሩ ፈቅደዋል፣ ስማቸውን አልጽፍም። ሰርቪስ አሁን የለኝም፣ በጠዋት ሚኒባስ ሲሞላ ስንት ሰዓት ይነሳል?

ሀረጎ ሾፌር | የካቲት 17፣ ማታ 1፡26

ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ አትጠብቂ። እኔ 12 ሰዓት ከመናኸሪያ በር ላይ ወደ ኮምቦልቻ እነሳለሁ፣ ጋቢና ባዶ ነው። ነጠላ ያዢ፣ የኔም በር አይገጥምም።